በዱዓሌ ወንበር ላይ የታሰረው ቀይ ጨርቅ

ጥቅምት 3 ቀን 1987 ዓ.ም.፣ ሀርጌሳ

ይህን ደብተር የጀመርኩት የማናግረው ሰው አጥቼ አይደለም። ሰው ሞልቷል። ግን ከማናግራቸው ውስጥ የማያናድደኝ የለም፤ ስለዚህ ከወረቀት ጋር ይሻለኛል።

ጉሌድ ዛሬ ቢሮው ጠርቶኝ ፊቱን ጣለብኝ። የሳሙና ፋብሪካው ባለቤት እሱ ነው። ሀርጌሳ በቦምብ ስትደበደብ ተሰዶ ድሬዳዋ ነበር፤ እኔ ያኔ እዚያ በአንድ ሳሙና ፋብሪካ የምርት ተቆጣጣሪ ነበርኩ። አማርኛውን እዚያ ለመደ፣ እኔንም እዚያ አወቀኝ። አገሩ ተመልሶ ከፍርስራሹ መሀል ይህችን ፋብሪካ ሲያቆም አስመጣኝ። አሁን ደግሞ እስከ ፈረንጆቹ አዲስ ዓመት ራሷን ካልቻለች በሩን ዘግቶ ሁላችንንም ወደመጣንበት እንደሚሸኘን ነገረኝ። ወደመጣሁበት አለ እንጂ የት እንደሆነ አያውቅም። ድሬዳዋ የነበረኝን ቦታ ሌላ ሰው ይዞታል፤ የእህቴ ባል ደግሞ እኔን ከሚያሳድር ጅብ ቢያሳድር ይመርጣል።

ብክነቱን አውጥቼ ባሳይህስ አልኩት። «ምን ብክነት?» አለኝ። ድንቄም ነጋዴ!

ጥቅምት 6

የድሬዳዋው ፋብሪካ አዲስ አበባ ለስልጠና የላከኝ ጊዜ ያስተማረን አንድ ጃፓናዊ ነበር። ብክነትን በቋንቋቸው ሙዳ ይሉታል። ሙዳ ሲል እኛ ሥጋ ትዝ ብሎን ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ፤ ሰውዬው ግራ ገባው። ቀስ እያለ ግን ሳቁ ቆመ። ገዢው የማይከፍልበት ነገር ሁሉ ብክነት ነው አለን፤ መጠበቅ፣ መመላለስ፣ ያለ ልክ ማምረት፣ ማከማቸት፣ አበላሽቶ እንደገና መሥራት። ከዚያ ወዲህ እኔ ሰው ቤት ስገባ እንኳ ዕቃ ያለቦታው ሳይ ያሳክከኛል።

ዛሬ ሙሉ ቀን ቆሜ አየሁ። ሳሙናው የሚፈላበት በርሜል ግቢው አንድ ጥግ፣ መቁረጫው ጠረጴዛ ሌላው ጥግ። ሴቶቹ ሣጥን ተሸክመው ግቢውን ሲያቋርጡ ይውላሉ። ለምን ብዬ ጠየቅሁ። ጠረጴዛው መጀመሪያ እዚያ ስለተቀመጠ ነው አሉኝ። በቃ፣ ሌላ ምክንያት የለውም።

ካሚልና እኔ ጠረጴዛውን ጎትተን በርሜሉ አጠገብ አመጣነው። ካሚል ሳሙና የሚያፈላው ሰው ነው፤ የሐረር ልጅ፣ ሶማልኛን እንደነሱ የሚናገር። ሲስቅ ዓይኑ ይጠፋል። ማሸጊያ ላይ የምትሠራው ካልቱን የሆነ ነገር አለች፣ ሴቶቹ ሁሉ ሳቁ። ካሚልን ምን አለች ብዬ ብጠይቀው አልነግርሽም አለኝ። ለምኜ ነው የነገረኝ፤ «ሐበሻዋ ትንፋሻችንንም ትቀንስልናለች» ነው ያለችው።

ትበል። ነገ የሚሸከመው ወገቧ ያመሰግነኛል።

ጥቅምት 11

አየር ማረፊያው በኩል ተኩስ። አጭር። ሰዉ ሁሉ «ልጆች ናቸው» ይላል። ማረፊያውን የያዙት ታጣቂዎችና መንግሥት እየተፋጠጡ ነው፤ እዚህ ግን ሁሉም ሻዩን ይጠጣል።

ሳሙናው የሚረጋበትን የሣጥኑን ወርድ አጠበብነው። ከመቁረጫው የሚወድቀው ቁርጥራጭ ከግማሽ በታች ወረደ። ደስ ብሎኛል፤ የምነግረው ሰው ግን የለም። ካሚል ቲማቲም አመጣልኝ። ሥራህን ሥራ አልኩት። ቲማቲሙን ግን በላሁት።

ጥቅምት 16

ቀዩን ጨርቅ ጀመርኩ። የማያስፈልግ በመሰለኝ ዕቃ ላይ ቀይ ጨርቅ አስራለሁ። ባለቤት መጥቶ ይህ ለዚህ ሥራ ነው ካላለኝ ይወጣል። የተቀደደ ጎማ፣ የዛገ በርሜል፣ እግር የሌለው ጠረጴዛ፣ የሞተ ጄኔሬተር፣ ማንም የማያውቀው የጆንያ ክምር። ግቢው በቀይ ተንቆጠቆጠ። ሴቶቹ የሠርግ ቤት መስሏል እያሉ ይቀልዳሉ።

ዱዓሌን ልጻፈው። ዱዓሌ ከጠዋት እስከ ማታ በሩ ላይ ወንበር ዘርግቶ የሚቀመጥ ሽማግሌ ነው። ዘበኛ አይደለም፤ ዘበኛ አለን። በር አይከፍትም፣ አይዘጋም፣ ዕቃ አይቆጥርም። ሰው ሲመጣ ያወራል። ሰው ሳይመጣ ጥርሱን በመፋቂያ ያሻል። በየሳምንቱ ካርቶን ሳሙና ይወስዳል፤ የጠዋት ሻዩም የከሰዓት ሻዩም ከእኛ ነው።

ካሚልን የዱዓሌ ሥራ ምንድን ነው አልኩት። መቀመጥ አለኝ። እኔ ስስቅ እሱ አልሳቀም። አባን ይሉታል፤ እንግዳ ሰው በአንድ ያገሬው ሰው ስም ስር ይጠለላል፣ እንግዳውን የነካ ያንን ሰው ነካ ማለት ነው አለኝ። ዱዓሌ የእኔም የአንቺም አባን ነው፣ ጉሌድም ቢሆን በዚህ ሰፈር ጎሳው ትንሽ ስለሆነ በሱ ነው የሚከበረው አለ።

እኔ በማንም ስም ስር አልተጠለልኩም። ዳሚ ሰፈር ቤት ተከራይቼ፣ ያንን ሁሉ መንገድ በእግሬ እየተመላለስኩ ስሠራ አንድ ሰው ነክቶኝ አያውቅም። ለምን እንዳልነኩኝ አልጠየቅሁም፤ ሰው ሳይነካው ለምን አልተነካሁም ብሎ ይጠይቃል እንዴ?

ጥቅምት 20

አሰርኩት። በወንበሩ ላይ። እሱ ለሶላት በሄደበት።

ሲመለስ አየው። ወንበሩን ዞሮ ዞሮ አየው። ጨርቁን አልፈታውም፣ አልተቀመጠበትም። ፀሐይ ላይ ቆሞ ዋለ። ካልቱን የወንድሙ ልጅ ናት ለካ፤ ያንን ዛሬ ነው የሰማሁት። ማሸጊያውን ጥላ ወጥታ ከጎኑ ቆመች። ከሰዓት በኋላ በሙሉ ከመቁረጫው ድምፅ በስተቀር የሰው ቃል አልተሰማም።

ካሚል መጣና ፍቺው አለኝ። የዕቃ ምልክት የሽማግሌ ወንበር ላይ አይታሰርም አለኝ። ለዕቃም ለሰውም ሕጉ አንድ ነው አልኩት። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ብሎኝ ሄደ። እኔን ነው ሞኝ ያለው!

ጥቅምት 23

ጉሌድ ጠራኝ። ፈርቷል፤ ላቡ ይታያል። ዱዓሌን ማንሳት የማን ሐሳብ ነው አለ። ከካሚል ጋር ተማክረንበት ነው አልኩት። መቼም ከካሚል ጋር ሳንማከር የምንውልበት ቀን የለም፤ ውሸት አይባልም። ደግሞ ሐሳቡ የክርስቲያን ሴት ብቻ ሲሆን አንድ ነገር ነው፣ የእስላም ወንድ ሲኖርበት ሌላ። ጉሌድ ቀለል አለው። ካሚል ካለበትማ አለ።

ማታ ስተኛ ይህች ነገር ትንሽ ከነከነችኝ። ትንሽ ብቻ።

ጥቅምት 25

ጉሌድ በሁለት ምስክር ፊት ዱዓሌን አሰናበተው። ወግ አለው አሉ፤ አባንነት በምስክር ይያዛል፣ በምስክር ይፈታል። ሽማግሌው በካሚል አጠገብ ሲያልፍ ካሚል አሰላሙ አለይኩም አለው። አልመለሰለትም። ካሚል እጁ እንደተዘረጋ ቀረ።

«ምን አድርጌው ነው?» አለኝ ማታ ስንወጣ።

እርጅና ነው አልኩት።

ኅዳር 1

ቁጥሩ ጥሩ ነው። ጉሌድ ሳይቀር ፈገግ አለ። ግቢው ሰፋ፣ በሩ ነፃ ሆነ፣ ሰው የሚሠራው ሥራ ይታያል። ጃፓኑ ቢያየኝ ይኮራብኝ ነበር።

ካሚል ሦስቴ ዱዓሌ ቤት፣ አሕመድ ዳጋህ ሰፈር ድረስ ሄዶ ሦስቴም በር ላይ መለሱት። አሁን በሥራ ሰዓት አይቀልድም። ዛሬ ብቻሽን እስከ መቼ ነው አለኝ፣ ድንገት፣ ሳሙና የሚፈላበትን ሶዳ እያማሰለ። ልብሴን ሶዳ እንዳይነካኝ ፈቀቅ አልኩ። ምን ማለቱ እንደሆነ አላውቅም። አውቃለሁ። ግን የጠየቀው አሁን ነው፤ ለምን ከወር በፊት አልጠየቀኝም?

ኅዳር 6

መድፍ። ከአየር ማረፊያው በኩል። ይህ «ልጆች» አይደለም። ካልቱንና ሴቶቹ መሐረባቸውን እንኳ ሳያነሱ ሮጡ።

ኅዳር 8

ከተማው እየፈሰሰ ነው። ፍራሽ፣ ፍየል፣ ልጅ፣ ሁሉም በጭነት መኪና። ጉሌድ ቤተሰቡን ይዞ ወጣ። ቁልፉን ለእኔ ሰጠኝ፤ እስክመለስ ጠብቂ አለኝ። እኔና ካሚልስ አልኩት። ጫማውን አየ። መኪናው የወንድሞቹ ነው፣ እሱ አያዝበትም።

መኪኖቹ ጋ ሄድን። ሁሉም የሚጠይቁት አንድ ነው፤ የማን ናችሁ? ካሚል የጉሌድ ሠራተኞች ነን ይላል። ሠራተኛ አይጭኑም፤ የሚጭኑት የራሳቸውን ሰውና በሰዋቸው ስም የተጠለለውን ነው። ስንመለስ ካሚል ዱዓሌ ቢኖረን ኖሮ አለ። አልጨረሰውም። ቢጨርሰው ይሻለኝ ነበር።

ኅዳር 9

ዳሚ መመለስ አልተቻለም፤ መንገዱ ላይ ይተኮሳል። እኔ ቢሮው ውስጥ፣ ካሚል መጋዘኑ ውስጥ እናድራለን። በመሀላችን ግቢው ሁሉ አለ።

ኅዳር 12፣ ሚካኤል

እንደሆነው እጽፈዋለሁ።

ጠዋት ስነሳ ሚካኤል መሆኑ ትዝ አለኝ። በአገራችን ኅዳር ሲታጠን ሰው ሁሉ ቤቱን ግቢውን ጠርጎ፣ ቆሻሻውን በር ላይ ከምሮ ያቃጥላል፤ በሽታው በጢሱ ይወጣል ይባላል። ከልጅነቴ ጀምሮ አንድ ዓመት አስታጉዬ አላውቅም። ቀይ ጨርቅ የታሰረበት፣ ገና ያልወጣ ክምር ደግሞ ግቢው መሀል ተቀምጦ ያየኛል። ሁለቱ ነገር በአንድ ቀን ገጠመልኝ ብዬ ደስ አለኝ። ካሚል ውሃ ፍለጋ ወጥቶ ነበር። ጆንያውን፣ ጠረጴዛውን፣ ጎማውን አንድ ላይ አድርጌ የተረፈ ዘይት አርከፈከፍኩበትና ለኮስኩት።

የጎማ ጢስ! ጥቁር ሆኖ ቀጥ ብሎ ወጣ። ነፋስ አልነበረም። ከከተማው ጫፍ እስከ ጫፍ የሚታይ ይመስለኛል። እኔ ቆሜ ደግሞ ዓመት ዓመት ያድርሰን እያልኩ ነበር። ስድስት ቀን ሙሉ መድፍ ሲያጓራ የሰነበተ ከተማ ውስጥ።

ካሚል ባልዲውን ጥሎ ሲሮጥ ደረሰ፤ አፈር መበተን ጀመረ። አፈሩ ሳይበቃ በሩ ተመታ። ወጣቶች፣ ጠብመንጃ፣ ከአየር ማረፊያው በኩል የመጡ። ጢሱን እያሳዩ ምልክት ለማን ነው የምትሰጡት የሚሉ መሰለኝ። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም ይባላል፤ እነዚህ አጥሩንም በሩንም ነቀነቁት። ይህ የእገሌ ቤት ነው፣ ሰዎቹ የእኔ ናቸው ብሎ ከወንበሩ የሚነሳ ማንም አልነበረም።

አንዱ ወደ እሳቱ እየጠቆመ ጮኸ። ሶማልኛ አልችልም። ግን ማን ነው እንዳለ ለማወቅ ሶማልኛ አያስፈልግም።

ካሚል ወደ እኔ አላየም። እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ አንድ ቃል ተናገረ። «አኒጋ።» እኔ ማለት ነው። እጁን በመጠምጠሚያው አስረው ወሰዱት።

እኔ በርሜሉ አጠገብ ነበርኩ። ለመናገር ጊዜ አልነበረም። በጣም ፈጣን ነው የሆነው።

ኅዳር 13

ጊዜ ነበረ።

ኅዳር 15

የያዙት ሰዎች ያሉበትን ኬላ አገኘሁት፤ በአየር ማረፊያው መንገድ ላይ። አላስጠጉኝም። አንዱ ድንጋይ ወረወረብኝ፤ አንዱ በአማርኛ «ሂጂ፣ ባለቤት የሌለሽ» አለኝ። የት እንደተማረው እንጃ።

ስመለስ ካልቱንን ከውሃ ስትመለስ አገኘኋት። ቤተሰቧ እስካሁን አልወጣም። ልታልፈኝ ነበር፤ ቀሚሷን ያዝኩ። ካሚል አልኳት፣ እጄን አቆላልፌ እንደታሰረ አሳየኋት። ባልዲውን አስቀመጠች። በተሰባበረ አማርኛ ተናገረች፤ ሰላይ ነህ ብለው ይዘውታል፣ ሰላይን ብዙ አያቆዩም፣ ከዚያ የሚያወጣ ሽማግሌ ብቻ ነው። የትኛው ሽማግሌ እንደሆነ አልነገረችኝም። ዓይኗ ነገረኝ።

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች። እናቴ ስለ ሌላ ሴት ነበር የምትለው።

ኅዳር 16

ዱዓሌ ቤት ሄድኩ።

ምንጣፍ ላይ ተቀምጧል። ግቢው ውስጥ ዕቃ ተጠቅልሎ ታስሯል፤ ነገ ተነገ ወዲያ ሊወጡ ነው። አዴር አልኩት፤ አጎቴ ማለት ነው፣ በዚህ ሁሉ ጊዜ አንድ ቀን ብዬው አላውቅም። ፊቱን አላዞረም። በጅጅጋ ንግዱ የለመደው አማርኛ አለው፤ በሱ ተናገረኝ።

«ካሚል ልጄ ነበር። በስሜ ነው እዚህ ከተማ የገባው። ከወንበሬ ያስነሳኝ እሱ ነው። ጉሌድ ነግሮኛል። አሁን ሄጄ የእኔ ሰው ነው ልበል? የማን ሰው?»

ተቀመጪ ያለኝ የለም፤ ቆሜያለሁ። ካልቱን በሩ ላይ ናት፣ ሴቶቹ ከኋላዋ። ካሚል ምንም አላለም አልኩ። ታዲያ ማን ነው ያለው? አለ። ለጉሌድ ያልሽውን ለእኔ ድገሚው አለኝ።

ደገምኩት። ከካሚል ጋር ተማክረን ያልኩትን። ከዚያ ስለ ጢሱም ጠየቀኝ፤ እሱንም ነገርኩት። ካልቱን ለሴቶቹ በሶማልኛ እያሰማች ስለነበር በየመሀሉ ትንሽ ዝም እያልኩ መጠበቅ ነበረብኝ። እንደዚያ ያለ መጠበቅ አይቼ አላውቅም።

ሽማግሌው ሲበቃው ዱላውን ጠየቀ። ተነሳ። እኔን አልሰደበኝም። ቢሰድበኝ ወዲያው እሰድበው ነበርና ይቀለኝ ነበር።

ኅዳር 18

ዱዓሌ ኬላው ላይ ተቀምጧል አሉ። ከታጣቂዎቹ ፊት፣ መሬት ላይ። ሌሎች ሽማግሌዎችም ሄደው አብረውት ተቀምጠዋል። ያወራሉ፣ ይሰግዳሉ፣ ደግሞ ያወራሉ። ጠብመንጃ የያዘውን ሁሉ የእናቱን አባት ስም እየጠራ ያነጋግረዋል ትላለች ካልቱን። እንግዲህ ሥራው ይህ ነበር። በሩ ላይ ከመጣ ከሄደው ጋር ሲያወራ ይውል የነበረው።

ፆም ነው፤ ሽሮ እንኳ የለኝም። መጋዘኑ ሙሉ ሳሙና ነው።

ኅዳር 19

ምንም ወሬ የለም። ግቢውን ጠረግሁ። የተጠረገውን ደገምኩት።

ኅዳር 20

ትናንት ሌሊት አየር ማረፊያው በኩል ሲተኮስ አደረ። አማላጄ ሚካኤል፣ እኔን ውሰድ ማለት እችል ነበር። አላልኩም። አስመልስልኝ ብቻ ነው ያልኩት። ከሰውም ከመልአክም ጋር ስደራደር እንዲህ ነኝ።

ቢመለስ የምለውን እያሰብኩ ነው። በሱ ሃይማኖት ቢሆን፣ በኔ ቢሆን፣ የሚለውን ሁሉ እሺ እለዋለሁ። ሐረር ያለችው እናቱ ትስደበኝ፣ እችላለሁ።

ኅዳር 22

ተመለሰ።

ጠዋት የዱዓሌ ቤተሰብ መኪና በራችን ላይ ቆመ። ካሚል ከኋላ ወረደ። ፊቱ አብጧል፣ አንድ ዓይኑ ተደፍኗል፤ እጁ የታሰረበት ቦታ ቆስሏል። ሮጬ ወጣሁ። ካሚል አልኩት። አቤት አለኝ፣ ሰው ሲጠራው አቤት እንደሚለው። ልብሱን ሊወስድ ነው የወረደው። መጋዘኑ ገብቶ በፌስታል ይዞ ወጣ። እኔ መንገዱ ላይ ቆሜያለሁ፤ ዞሮኝ አለፈ።

ሁሉንም ሰምቷል። ዱዓሌ ነግሮታል፣ ወይ ካልቱን። እኔ ልነግረው ያዘጋጀሁትን ሁሉ በሌላ ሰው አፍ ሰምቶታል። ካሚል ስማኝ አልኩት። ዱዓሌ ከፊት ወንበር ሆኖ በመስኮቱ ተመለከተን። ወደ ድንበሩ ነው የሚሄዱት፣ ሐርተ ሼክ የስደተኞች ሰፈር። ከዚያ ጅጅጋ፣ ከዚያ ሐረር ቅርብ ነው።

ሽማግሌው በአማርኛ ጠየቀው፤ እኔ እንድሰማ ይመስለኛል። «የአንተን ሰው ሁሉ እጭናለሁ። ይህችስ? ሚስትህ ናት? ወይስ ልታገባት ነው? የአንተ ናት በለኝ፣ ትውጣ።»

ካሚል ፌስታሉን ወደ ላይ ለካልቱን አቀበለ። በደህናው ዓይኑ አየኝ። የመጀመሪያው ነው፣ ከዚያን ቀን ወዲህ። እኔ አፌን ከፍቼ ነበር፤ ምን ልል እንደነበር አሁን አላስታውስም።

«አብረን እንሠራ ነበር» አለ።

ከዚያ መኪናው ላይ ወጣ። ሾፌሩ ሞተሩን አስነሳ። ካልቱን ወደ እኔ ሳይሆን ወደ መንገዱ ታያለች። ውሸት አልተናገረም፤ ያለው ነገር ሁሉ እውነት ነው። ፍየሎቹና ፍራሾቹ መሀል፣ ካሚል አጠገብ፣ ለአንድ ሰው የሚበቃ ቦታ ክፍት ነበር። ደህና አድርጌ አየሁት። እንደዚያው ባዶውን ሄደ።